ጤና አዳም ኮምፒውተር ላይ ሲፈተሽ

«የአገራችን ተክል የኮሮና ቫይረስን እንደሚያጠፋ በምርምር ተረጋገጠ።» እንዲህ ያለ ወሬ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በስልካችን ስንቴ አለፈ? አንዴ ጤና አዳም ነው፤ አንዴ ጥቁር አዝሙድ፤ አንዴ ዝንጅብል። ወሬው ሁልጊዜ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የታተመ የጥናት ጽሑፍ አለ። ጽሑፉን ከፍታችሁ ስታነቡት ግን ቅጠል አልተቀጠፈም፤ ቫይረስ አልተነካም፤ የታከመ በሽተኛም የለም። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ያለቀ ነው።

ጥናቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ዘዴው ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎችም ይሠሩበታል። ቁም ነገሩ ዘዴው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ውህድ መጀመሪያ ቤተ ሙከራ የሚገባው የቱ ይሁን? የቱ ያድናል ለሚለው መልስ የለውም። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ ሰው ሩቅ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ መንዝ ጓሳ ውርጭ ድረስ «ይሄ ለእንዲህ ያለ ሕመም ነው» የሚባል ተክል የሌለው መንደር አይገኝም። አንኮበር ወረዳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ለሰው ሕመም የሚውሉ ከ100 በላይ ተክሎችን መዝግቧል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደህና ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ይህን ፍተሻ ዶርሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሥራት ይችላል። እንግዲያው ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ከነዝርዝሩ እንየው።

የቫይረሱ መቀስ

ቫይረስ ራሱን ችሎ አይራባም። ሴላችን ውስጥ ይገባና የሴሉን መሣሪያ ለራሱ ሥራ ያውለዋል። የኮሮና ቫይረስ ይዞት የሚገባው የዘር መመሪያ 30 ሺህ ገደማ ፊደላት አሉት። ሴላችን ያንን መመሪያ እያነበበ ለቫይረሱ ፕሮቲን ይሠራለታል። መጀመሪያ የሚወጣው ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በየቦታው ካልተቆረጠ ለቫይረሱ ምንም አይረባውም።

ስለዚህ ቫይረሱ የራሱ መቀስ አለው። ዋናው ፕሮቲዬዝ ይሉታል። ሰንሰለቱን ከ11 በማያንሱ ቦታዎች ላይ ይቆርጣል። የመቁረጡን ሥራ የሚሠሩት ሁለት የፕሮቲኑ ክፍሎች ናቸው፦ ሲስቲን 145 እና ሂስቲዲን 41። ቁጥሮቹ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ያላቸውን ተራ ያመለክታሉ። በእነሱ ዙሪያ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። እዚያች ቦታ የሚሰነቀር ትንሽ ሞለኪውል ከተገኘ መቀሱ አይዘጋም። ሰንሰለቱ ካልተቆረጠ ቫይረሱ አይራባም።

ተመራማሪዎች ይህን መቀስ የወደዱበት ሌላም ምክንያት አለ። በሰው አካል ውስጥ ልክ እንደ እሱ ያለ፣ በዚያው ዓይነት ቦታ ላይ የሚቆርጥ ኢንዛይም አይታወቅም። ስለዚህ እሱን የሚያግድ መድኃኒት የራሳችንን ኢንዛይሞች አብሮ የማበላሸት ዕድሉ ያንሳል።

የመቀሱን ቅርጽ የቻይና ተመራማሪዎች በኤክስሬይ አንስተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ለዓለም በነፃ ለቀቁት። የተቀመጠው የፕሮቲን ቅርጾች በሚከማቹበት ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። መለያው 6ኤልዩ7 ይባላል። ቋቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቋቋም 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት። ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ አሉት። ክፍያ የለውም፤ ማንም ያወርዳል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲታወቅ የመቀሱ ቅርጽ ወር አልፎት ነበር።

የተክል ውህዶችም እንዲሁ በመረጃ ቋት ይገኛሉ። የኢትዮጵያን ባህላዊ መድኃኒት ተክሎች ብቻ የሚመለከት አንድ ቋት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ከ1,000 በላይ ተክሎችና ከ4,000 በላይ ውህዶች ተመዝግበውበታል። እንግዲህ አንዱ ወገን መቀሱ ነው፤ ሌላው ወገን የውህዶች ዝርዝር። የቀረው ማገጣጠም ነው።

አንዲት ተማሪ ስትሠራው

አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ደብረ ብርሃን ላይ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሁለት ውህዶች መረጠች እንበል። አንዱ ሩቲን ነው። ጤና አዳም ውስጥ ይገኛል፤ ያቺ ከቡና ጋር የምትቀርበው። ሁለተኛው ታይሞል ነው። ጣርማ በር አካባቢ ደጋው ላይ የሚበቅለው ጦስኝ ያንን ሽታውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከታይሞልና ከወንድሙ ከካርቫክሮል ነው።

6ኤልዩ7ን ታወርዳለች። ፋይሉ ውስጥ ከፕሮቲኑ ጋር የተነሱ የውሃ ሞለኪውሎች አሉ፤ ታጠፋቸዋለች። የኤክስሬይ ምስል ሃይድሮጅንን በደንብ ስለማያሳይ ሃይድሮጅኖቹን በሶፍትዌር ትጨምራለች። ከዚያ በመቀሱ ጎድጓዳ ቦታ ዙሪያ አንድ ሳጥን ትሠራለች። የሳጥኑ ጎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 አንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም የሜትር አንድ አስር ቢሊዮንኛ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው በዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩ አውቶዶክ ቪና ሊሆን ይችላል። አሜሪካ የሚገኘው የስክሪፕስ ምርምር ተቋም የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፤ እሱም በነፃ ነው። ሥራውን ስትጀምር ሶፍትዌሩ ሩቲንን ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ያዞረዋል፤ ያጥፈዋል፤ ይዘረጋዋል። ሃይድሮጅን ትስስር የሚፈጥርበትን ቦታ ይፈልጋል። ውሃ የሚጠላው ጎኑ ውሃ ከሚጠላው የፕሮቲኑ ጎን ጋር እንዲገናኝ ይሞክራል። በእያንዳንዱ አቀማመጥ ላይ ነጥብ ይሰጣል። ሲጨርስ በተለመደው አሠራሩ እስከ 9 የሚደርሱ አቀማመጦችን ከነነጥባቸው ያወጣል። ለአንድ ውህድ ይሄ ሁሉ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። መብራት ካልጠፋ አንድ ሌሊት ላይ ብዙ ውህድ ያልቃል።

ነጥቡ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው። መለኪያው ኪሎ ካሎሪ በሞል ይባላል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ውህዱ መቀሱን አጥብቆ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። «ነጥቡ ከመድኃኒቱ በለጠ» የሚለው ዜና የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ቁጥሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በክፍል ሙቀት የ1.4 ኪሎ ካሎሪ ልዩነት ማለት የመያዝ ኃይል አስር እጥፍ ተለያየ ማለት ነው። አውቶዶክ ቪናን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያስታወቁት የስህተት መጠን ግን 3 ኪሎ ካሎሪ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። በቀላሉ ሲነገር ኮምፒውተሩ በአንድ ውህድ ላይ መቶ እጥፍ ገደማ ቢሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። በዝርዝሩ ላይ ከአንደኛ እስከ ሃያኛ ያሉት ውህዶች ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ከዚህ ስህተት ያነሰ ነው። ስለዚህ አንደኛ የወጣውን ለይቶ «አሸናፊ» ማለት ትርጉም የለውም። ሃያዎቹን አንድ ላይ «እስቲ እነዚህን እንሞክር» ማለት ግን ትርጉም አለው።

ሌላም አለ። ነጥቡ ከየአተሙ እየተደመረ የሚመጣ ስለሆነ ለትልልቅ ሞለኪውሎች ያደላል። የሩቲን ሞለኪውላዊ ክብደት 610 ገደማ ነው። የታይሞል 150 ብቻ። ሩቲን ብዙ እጅ ስላለው ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ነጥቡም ያምራል። ታይሞል ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ዝቅ ትላለች። ይሄ ስለ ጦስኝና ስለ ጤና አዳም ብልጫ የሚናገረው ነገር ትንሽ ነው። በአመዛኙ የመጠናቸውን ልዩነት ነው የሚያሳየው። እንደ ሩቲን ስኳር የተሸከሙ የተክል ውህዶች በየጥናቱ ዝርዝር አናት ላይ የሚደረደሩበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የማየው ክብደታቸውን ነው።

ተማሪዋ ጎበዝ ከሆነች እዚህ አትቆምም። 6ኤልዩ7 ፋይል ውስጥ መቀሱን የያዘ አንድ የታወቀ አጋጅ አብሮ አለ። እሱን አውጥታ መልሳ በሶፍትዌሩ ታስገባዋለች። ከእውነተኛው ቦታው በ2 አንግስትሮም ውስጥ ካልተመለሰ አሠራሯ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ መቀሱን እንደሚያግዱ የታወቁ ውህዶችንና እንደማያግዱ የታወቁትን ቀላቅላ ትፈትናለች። ኮምፒውተሩ ሁለቱን መለየት ካቃተው የጤና አዳምን ነጥብ ማን ያምነዋል? በችኮላ የታተሙ ብዙ ጥናቶች ይህን ፈተና ዘለውታል። አንድን ጥናት ከጥሩ ጎራ ለመመደብ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው።

ፕሮቲኑ በዚህ ሥራ ላይ እንደ ድንጋይ የቆመ ተደርጎ መወሰዱንም አትርሱ። በእውነተኛው ሴል ውስጥ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ውሃውም አለ። ለዚህ ነው አንዳንዶች ከፍተሻው በኋላ የእንቅስቃሴ ስሌት የሚጨምሩት። ሞለኪውሉን ውሃ ውስጥ ከፕሮቲኑ ጋር አድርገው ለ100 ናኖሰከንድ ያህል ያንቀሳቅሱታል። ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለላፕቶፕ ይሄ ከባድ ሥራ ነው። ውህዱ ከቦታው ተስፈንጥሮ ከወጣ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ከቆየም ማስረጃው አሁንም ስሌት ነው።

ከስክሪኑ እስከ ደም

ሩቲን መቀሱን በደንብ ያዘ እንበል። አሁን ሰው ዋጠው። ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ1997 ሊፒንስኪ የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ የሚዋጡ መድኃኒቶችን አጥንተው አንድ ልማድ አስተዋሉ። በአፍ ተወስዶ ደም ውስጥ በደንብ የሚገባ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ክብደቱ ከ500 አይበልጥም። ሃይድሮጅን የሚሰጡ ቦታዎቹ ከ5፣ የሚቀበሉት ከ10 አያልፉም። ስብ የመውደድ መጠኑም ልክ አለው። ሩቲን በክብደትም፣ በሰጪም፣ በተቀባይም ከልኩ ያልፋል። ተክሎች ይህን ልማድ የሚጥሱ ጠቃሚ ውህዶች እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልማዱን እንደ ሕግ አልይዘውም። ሩቲን ላይ ግን የተነበየው ይደርሳል። ከነስኳሩ ትንሹን አንጀት አልፎ ይሄዳል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይቆርጡታል። የሚቀረው ኩዌርሴቲን የሚባል ሌላ ውህድ ነው። ከዚያ የሚገባውን ትንሽ መጠንም አንጀትና ጉበት ወዲያው ይለውጡታል። ተማሪዋ ኮምፒውተር ላይ የፈተሸችው ሩቲንና ደም ውስጥ የሚደርሰው ነገር አንድ አይደሉም።

እና ጤና አዳም ያፈላ ሰው ሩቲን ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ያለበት ሳንባ ውስጥ ግን መቀሱን ለማገድ የሚበቃ ሩቲን ደረሰ ማለት ከቶ አይቻልም።

ቤተ ሙከራ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። 6ኤልዩ7ን ያወጡት ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ውህዶች ፈትሸው መቀሱን ያገዱ ጥቂቶችን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙ። ከእነሱ አንዱ ሺኮኒን ነበር። ቻይና ውስጥ ለመድኃኒት ከሚውል ተክል ሥር የሚገኝ ቀይ ውህድ ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደገሙት። ሲስቲን 145ን ከማንኛውም ጋር ከመጣበቅ የሚጠብቅ ኬሚካል ሲጨምሩበት የሺኮኒን ኃይል ጠፋ። ሺኮኒን በየትኛውም ፕሮቲን ላይ ያገኘውን ሲስቲን ሁሉ የሚነካ ነው እንጂ መቀሱን ለይቶ የሚይዝ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ውህዶች በብዙ ሙከራዎች ላይ «ሠሩ» ይባላሉ፤ መድኃኒት ግን አይሆኑም። ኩዌርሴቲንና የእርድ ቢጫ ውህድ ኩርኩሚንም በዚህ ጠባያቸው በኬሚስቶች ዘንድ በጥርጣሬ ይታያሉ።

ቀጥሎ መጠን ይመጣል። አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ በብልቃጥ ባሉ ሴሎች ላይ ቫይረሱን አዳከመ ተባለ። እዚያ የተጠቀሙት መጠን ግን ሰው በተለመደው መጠን ሲወስደው ደሙ ውስጥ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነበር። በኋላ በሺዎች በሚቆጠሩ በሽተኞች ላይ ሲሞከር ጥቅም አልታየበትም። ይሄ እንግዲህ ሴል ላይ ሠርቶ ያለፈ ነው። ሴል ደጃፍ ያልደረሰ ውህድ ላይ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን አስቡት።

ተስፋ እንዳላስቆርጣችሁ። ይህ መንገድ እስከ ፋርማሲ የደረሰበት ጊዜ አለ። የጃፓኑ ሺዮኖጊ ኩባንያ በኮምፒውተር ፍተሻ ጀምሮ፣ የተመረጡትን ቤተ ሙከራ አስገብቶ፣ የተገኘውን ደግሞ ደጋግሞ አሻሽሎ ኤንሲትሬልቪር የተባለውን የኮሮና መድኃኒት ሠራ። ያው መቀስ ላይ ነው የሚሠራው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በአስቸኳይ ፈቃድ ተቀብላዋለች። የፋይዘሩ ኒርማትሬልቪርም ያንኑ መቀስ ያግዳል። እሱ ግን መነሻው እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 የተነሳው ሳርስ (የዚሁ ቫይረስ ዘመድ ያመጣው በሽታ) ሲመጣ የተጀመረ ሥራ ነው። ሲስቲን 145 ላይ በኬሚካዊ ትስስር ይጣበቃል። ተማሪዋ የሠራችው ዓይነት ተራ ፍተሻ ይህን ትስስር አያየውም። ደግሞ ጉበት ቶሎ እንዳይሰባብረው ሪቶናቪር ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ነው የሚሰጠው።

ከተክል ጋር የተያያዘ ታሪክ ከፈለጋችሁ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛው ኦሴልታሚቪር አለ። የተነደፈው የቫይረሱን ኢንዛይም ቅርጽ በማየት ነው። ለማምረት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ጥሬ ዕቃ ሺኪሚክ አሲድ ነበር፤ የሚገኘውም የቻይና ኮከብ አኒስ ከሚባል ቅመም ነው። ቅመሙን ማፍላት ኢንፍሉዌንዛን አያድንም። ኬሚስቶች ከዚያ አሲድ ተነስተው ሌላ ሞለኪውል ገነቡ እንጂ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ እንዲህ ያለው መንገድ ነው። የእኛ ተክሎችም የመጨረሻው መድኃኒት ባይሆኑ የመነሻው አጥንት ሊሆኑ ይችላሉ።

ምች፣ ዳማከሴ እና የውሻ ንክሻ

ባህላዊ እውቀት ለዚህ ሥራ ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። በሚሊዮን የሚቆጠር ውህድ ባለበት ዓለም «ከዚህ ጀምር» የሚል ጥቆማ ውድ ነገር ነው። ምች የመታው ሰው ትኩሳት አለው፤ ራሱን ያመዋል፤ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል። ያ የከንፈር ቁስል ብዙ ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ይጠጣል፤ ፊት ይቀባል። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ የዳማከሴን ውህዶች በኮሮና መቀስ ላይ ከሚፈትሽ፣ ሄርፒስ የራሱን ዘር በሚቀዳበት ኢንዛይም ላይ ቢፈትሽ እናቶቻችን የሰጡትን ጥቆማ በደንብ ተከተለ ማለት ነው። በበኩሌ ጤና አዳምንም ዝንጅብልንም ሁሉ ኮሮና ላይ ከመደርደር ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥቆማ ግን ጥቆማ ነው። የከንፈር ቁስል ያለ ምንም መድኃኒት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። ዳማከሴ ባሻረውና ራሱ በሻረው መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ የተቀቡትንና ያልተቀቡትን ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል።

አንድ ቫይረስ ላይ ግን ጥቆማም፣ ሙከራም፣ ትዕግሥትም የለም፦ የእብድ ውሻ በሽታ። በገጠራችን በውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ሥር ማሽ የሚወሰድበት ጊዜ አሁንም አለ። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብ ሁሉ ንገሩ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይመጣ ግን መከላከል ይቻላል። ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም፤ ክትባቱ ይጀመር። ማንም ሰው «ኮምፒውተር ላይ ይሄ ተክል የእብድ ውሻን ቫይረስ ያዘ» የሚል ጽሑፍ ቢያሳያችሁ እንኳ አንድ ሰዓት እንዳታባክኑ።

ጤና አዳምም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውኃ ያስቋጥራል። ውስጡ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በብዛት እንዳትወስደው ይመከራል። ቡና ላይ ጣል የሚደረግ አንድ ቅንጣቢና በሽታ ይፈውሳል ተብሎ በብርጭቆ የሚጠጣው አንድ አይደሉም።

ተክሉ የማን ነው?

ተማሪዋ ከዝርዝሯ ጥቂት መርጣ ወደ እውነተኛው ተክል ስትሄድ ሥራው ከላፕቶፑ ወጥቶ መሬት ይረግጣል። ጦስኝ ከጣርማ በር ቢቀጠፍና ከሌላ ደጋ ቢቀጠፍ የታይሞልና የካርቫክሮሉ መጠን ይለያያል። ዝናቡ፣ ከፍታው፣ የተቀጠፈበት ወር ሁሉ ለውጥ ያመጣሉ። ስለዚህ የተቀጠፈበት ቦታና ቀን ይመዘገባል። ናሙናው ደርቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ ሌላ ሰው ሙከራውን ሊደግመው አይችልም።

መቆፈርም አለ። የቀበርቾ ሥር አንዴ ከተነቀለ ተክሉ አለቀ ማለት ነው። ቀበርቾ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይበቅል ተክል ነው። «ለቫይረስ ይሆናል» የሚል አንድ ወሬ ገበያ ቢገባ ስንት ሥር ይነቀላል? ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ያሉት ኮሶና ጥቁር እንጨትም ልጣጫቸውና አበባቸው የሚፈለግ ዛፎች ናቸው። በዚህ ላይ መንዝ የሚያስተምረን አለ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለከል በራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል። ለመድኃኒት ተክሎችም እንዲህ ያለ የመንደር ውል ቢታሰብበት ደስ ይለኛል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ በእንዶድ አንዴ አቃጥሎናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያወቅነው ከዚያ ነው። በ1990ዎቹ ግን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ለሌላ ዓይነት ዛጎል ለበስ ተባይ የመጠቀሙን መብት በፓተንት ያዘ። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች በወረቀቱ ላይ የሉም።

አገራችን በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። የአገር ተክል ወይም የማኅበረሰብ እውቀት ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ማግኘት አለበት። ማኅበረሰቡም አውቆ መስማማትና ከጥቅሙ መካፈል አለበት። ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ ያለው ፍተሻ እዚህ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። የሩቲን ቅርጽ በነፃ ቋት ውስጥ ነው። አንኮበር ላይ የተመዘገበው እውቀትም ታትሞ ወጥቷል። ሌላ አገር ያለ ሰው ሁለቱን አገናኝቶ አንድም ቅጠል ሳይነካ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቅ ዝርዝሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ለዚህ ነው መዝጋቢው ላይ ያለው ኃላፊነት የከበደው። ወደ ማማ ምድር ወይም ወደ አንኮበር ወርዶ ከአዋቂ ሽማግሌ ወይም ከእናት የሚጠይቅ ተማሪ ድምፅ መቅጃውን ከመክፈቱ በፊት ለምን እንደመጣ በአማርኛ ያስረዳ፤ የተነገረው የት እንደሚታተም ይንገር፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዝ። የማኅበረሰቡ ስም ደግሞ ጽሑፉ ግርጌ ላይ በምስጋና ብቻ እንዳይቀር፤ እውቀቱ ከማን እንደመጣ በሚገልጸው በዋናው ክፍል ውስጥ ይግባ።